ከአውስትራሊያ በኢሜይል የመጣልኝን ነጥብ ማን ሠራው? አይጂኤስ፣ ፊግ፣ አይኤጂ… የቱ ነው ለቀያሽ?

ችካል_ተካይ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

የገጠር መንገድ ሥራ ላይ ያለሁ ቀያሽ ነኝ። የተረከብነው የመነሻ ነጥቦች ዝርዝር «ዩቲኤም ዞን 37» የሚል የካርታ ፍርግርግ ስም ይዟል እንጂ ዳተሙን፣ ማለትም ልኬቱ የተነሣበትን ሥርዓት፣ አይናገርም። እኛም እንደ ልማዳችን ደብሊውጂኤስ 84፣ የጂፒኤሱ ዳተም፣ ነው ብለን ሮቨሩ (ተንቀሳቃሹ ተቀባይ) ውስጥ ጨመርነው። ዲዛይኑን መሬት ላይ ስናወርደው የመንገዱ መሐል መስመር ሄዶ ሄዶ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ገባ። ቄሰ ገበዙ ሦስት ችካላችንን ነቅለው ታቅፈው መጡና «ልጄ፣ ካሳው ለጥዱ ብቻ ነው ወይስ ለታቦቱም አለው?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አንድ የድሮ ባልደረባዬ ጋ ደወልኩ። «ቤዙን (ቋሚውን ተቀባይ) ገላጣ ቦታ ላይ ትከለው፣ ስድስት ሰዓት ሳትነካው ይቅዳ፣ ፋይሉን ራይኔክስ ወደሚባለው የጋራ ቅርጸት ቀይረህ ለአውስፖስ ላከው» አለኝ። አውስፖስ የአውስትራሊያ መንግሥት የጂኦሳይንስ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው አገልግሎት ነው። ላክሁት። ቡናው በረካ ሳይደርስ ሪፖርቱ መጣ። የነጥቤ ኮኦርዲኔት፣ ከነስሕተቱ በሴንቲሜትር። አንድ ሳንቲም የጠየቀኝ የለም። ነጥቤ የታሰረባቸው ጣቢያዎች ዝርዝር ውስጥ ናይሮቢ፣ ማሊንዲ፣ ምባራራ፣ ጅቡቲ የሚሉ አየሁ።

ከተሰጠን ነጥብ ጋር ሳስተያየው ወደ ሰሜን 207 ሜትር፣ ወደ ምሥራቅ 93 ሜትር ገደማ ይለያያል። ለካ ዝርዝሩ በአዲንዳን፣ በድሮው የአገራችን ዳተም፣ ነበር።

አሁን ጥያቄዎቼ። አንደኛ፣ ፈረንጅ ምን ቸገረውና ነው የእኔን ነጥብ በነፃ የሚያሰላልኝ? ሁለተኛ፣ አለቃዬ «ለድርጅቱ ፕሮፋይል የዓለም አቀፍ ሙያ ማኅበር አባልነት አምጣ» ብሎኛል። ስፈልግ አይጂኤስ፣ አይኤጂ፣ ፊግ፣ አይኦኤን… ፊደል ብቻ ሆነብኝ። የቱ ነው ለእንደኔ ዓይነቱ?

ላቲቱድ_9 · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ወንድሜ፣ 207 እና 93 ስትል ሳቅሁ። ይህን ቁጥር የማያውቅ የኢትዮጵያ ቀያሽ የለም፤ ወይ ከመጽሐፍ ተምሮታል ወይ እንዳንተ ከቄሰ ገበዝ።

የመጀመሪያው ጥያቄህ ነው ቁም ነገሩ። ነጥብህን ያሰላው የአውስትራሊያ ኮምፒውተር ይሁን እንጂ ሴንቲሜትሩን ያመጣው አይጂኤስ ነው፤ ዓለም አቀፉ የጂኤንኤስኤስ (የጂፒኤስና የመሰሎቹ የጋራ ስም) አገልግሎት። ሥራውን ለማስረዳት ከደቦ የተሻለ ቃል አላውቅም። አንዱ በሬውን ያመጣል፣ ሌላው ሞፈሩን፣ ሌላዋ ጠላውን ትጠምቃለች፤ ማንም ለማንም ደሞዝ አይከፍልም፣ ማሳው ግን ታርሶ ያድራል።

በዓይን ሲታይ እንዲህ ነው። ሳተላይቱ «እዚህ ጋ ነኝ» እያለ የሚያሠራጨው መረጃ አንድ ሜትር ገደማ ይስታል። በእሱ ብቻ ሴንቲሜትር አታገኝም። ስለዚህ ከመቶ በላይ አገሮች ውስጥ ያሉ ከሁለት መቶ በላይ ተቋማት፣ አምስት መቶ ገደማ ቋሚ ጣቢያዎች ላይ ቀን ከሌት ይቀዳሉ። ያንን በርን፣ ፖትስዳም፣ ዳርምሽታት፣ ፓሳዴና፣ ኦታዋና ሌላም ቦታ ያሉ የትንተና ማዕከሎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ያሰሉታል። ከዚያ ውጤታቸው ይነጻጸራል፣ የሳተው ክብደቱ ይቀነስበታል፣ አንድ ላይ ይጣመራል። የመጨረሻው የሳተላይት ምሕዋር ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይወጣል፤ ስሕተቱ 2.5 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ፈጣኑ በማግሥቱ ይወጣል። እጅግ ፈጣኑ በቀን አራት ጊዜ ይወጣል፣ ግማሹ ግን ትንበያ ነው። ፋይልህን በዚያው ቀን ስለላክህ አንተን ያስተናገደህ ይኼኛው ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግመህ ላከው፣ ሚሊሜትሮች ሲንቀሳቀሱ ታያለህ።

አይጂኤስ በይፋ የጀመረው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1994 ነው። ያኔ ስሙ ውስጥ የነበረው ጂፒኤስ ብቻ ነበር፤ የሩሲያው ግሎናስና ሌሎቹም ስለገቡ በ2005 ጂኤንኤስኤስ ተባለ። የእናት ድርጅቱ ስም አይኤጂ ነው፣ ዓለም አቀፍ የጂኦዴሲ ማኅበር። እሱ ደግሞ ሽማግሌ ነው። ሥሩ ባየር የሚባል የፕሩሺያ ጄኔራል በ1862 የመካከለኛው አውሮፓን መሬት በጋራ እንለካ ብሎ ያነሣሣው ሥራ ነው። እኛ ጋ አፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው።

ቶታል_ስቴሽን_ብቻ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

ደቦ ነው ካልክ በሬው የማን እንደሆነ ንገረን እንጂ። የአይጂኤስ ማዕከላዊ ቢሮ ያለው አሜሪካ፣ የናሳ ቤት ውስጥ ነው። ዋናው የመረጃ ቋትም የናሳ ነው። በ2020 ጥቅምት መጨረሻ ላይ የድሮውን ኤፍቲፒ ዘጉትና መለያ ሳይከፍቱ ማውረድ ቀረ። የኔ ስክሪፕት በዚያው ሌሊት ቆመ። ነገ በጀት ቢቆርጡስ? እኔ በቶታል ስቴሽኔ (በማዕዘንና ርቀት መለኪያዬ) በዓይኔ ያየሁትን ፕሪዝም ነው የማምነው።

ላቲቱድ_9 · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ፕሪዝምህን ከየትኛው ነጥብ ተነሥተህ ነው የምታየው? ቄሰ ገበዙ ጋ ያደረሰው መስመር እኮ በቶታል ስቴሽን ቢወርድም እዚያው ነበር የሚገባው።

በጀቱ ላይ ግን እውነትህን ነው፣ አልከራከርም። መድኃኒቱ መደራረብ ነው። ያው ፋይል ፓሪስ የፈረንሳይ ካርታ ተቋም ጋም አለ፣ ሌሎች ቋቶችም ጋ አለ። ከትንተና ማዕከሎቹ አንዱ ቢተኛ ሌሎቹ ያርሳሉ። ክፍተቱ የሚያመው በጣቢያ በኩል ነው። በአውሮፓ አንድ ጣቢያ ቢጠፋ ማንም ልብ አይለው፤ በአፍሪካ ቀንድ አንድ ሲጠፋ ግን የሚቀጥለው ስንት መቶ ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ካርታው ላይ እይ። አዲስ አበባ ያለው የአይጂኤስ ጣቢያ ኮዱ «አዲስ» (ADIS) ነው፣ በእንግሊዝኛ አራት ፊደል፤ ዩኒቨርሲቲው ጂኦፊዚክስ ግቢ ውስጥ ነው። ማሊንዲም ሞምባሳ መንገድ ላይ ያለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ ለጎጃም ጎረቤት የምትባል አይደለችም።

ጡረተኛው_ቀያሽ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ።

አዲንዳንን እንዲህ እንደ ሌባ አታንሱት። አዲንዳን በሱዳንና በግብፅ ድንበር አጠገብ፣ ዓባይ ዳር የነበረ ቦታ ነው። የእኛ አገር የድሮው የሦስት ማዕዘን ሰንሰለት ቅየሳ ከዚያ ጋር ነው የታሰረው። አሜሪካኖች ከእኛ ሰዎች ጋር የዓባይን ተፋሰስ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 ሲለኩ ጊዜ ማለት ነው። የተጠቀሙበት የምድር ቅርጽ የ1880ው ክላርክ ነበር። እኔ ሥራ ስጀምር ያንን የለኩ ሽማግሌዎች ገና አልወጡም ነበር፤ ተራራ አናት ላይ መብራት አብርተው ሌሊት ሌሊት ነበር አንግል የሚያነቡት። ለዘመኑ ድንቅ ሥራ ነው። ስሕተቱ የነጥቡ አይደለም፣ የዳተሙን ስም ሳይጽፍ ያስረከባችሁ ሰው ነው።

እናንተ ስታስተላልፉም ጻፉ። ዳተም፣ ኤሊፕሶይድ (የምድር ቅርጹ)፣ ዞን፣ የተለካበት ቀን። በኛ ጊዜ አንዲት የነጥብ መግለጫ ወረቀት ላይ ከየት መንደር ተነሥተህ፣ የማንን ቤት በስተቀኝ ትተህ፣ ስንት እርምጃ ሄደህ እንደምታገኘው ጭምር ይጻፍ ነበር። አሁን የካርታ ሥራው በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነው፤ የአካባቢህን ነጥቦች መግለጫ ከዚያ ጠይቅ። መሬት ላይ ግን ላታገኛቸው ትችላለህ። የነጥቡን የነሐስ ምልክት ሰው ሀብት የተቀበረበት መስሎት ቆፍሮ ያወጣዋል። እኔ ራሴ ተክዬ በሦስተኛው ወር ጉድጓዱን ብቻ ያገኘሁበት ተራራ አለ።

ችካል_ተካይ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ካሉት ውስጥ «የተለካበት ቀን» የሚለውን አልያዝኩትም። ነጥብ ከተተከለ ተተከለ አይደለም እንዴ?

ስምጥ_ሸለቆ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ጋሼ ከፈቀዱልኝ ይህችን እኔ ልመልስ፣ እንጀራዬ ስለሆነች።

አልተተከለም። የቆምክበት መሬት በዓመት 3 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል። የአፍሪካ ሰሌዳ (የምድር ቅርፊቱ ቁራጭ) አንተንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም፣ መንገዱንም ተሸክሞ ስለሚሄድ እርስ በርስ አይታወቅህም። አውስፖስ የሰጠህ ኮኦርዲኔት ግን በዓለም አቀፉ የማጣቀሻ ማዕቀፍ ነው፣ የተለካበት ዕለት። ሌላ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ያንኑ ችካል ቢለካው 60 ሴንቲሜትር ልዩነት አግኝቶ «የድሮው ቀያሽ ሰነፍ ነበር» ይልሃል።

ማዕቀፉን ራሱን የሚያሰሉት የፓሪሶቹ የፈረንሳይ ካርታ ተቋም ሰዎች ናቸው። አሁን ያለው የ2020 ይባላል፣ የወጣው በ2022 ነው። ጂኤንኤስኤስ ብቻውን አይበቃም። ከሩቅ ጋላክሲዎች የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ የሚቀበሉ ግዙፍ አንቴናዎች፣ ሳተላይት ላይ ሌዘር የሚተኩሱ ጣቢያዎች፣ ዶሪስ የሚባለው የፈረንሳዮቹ ሥርዓትም ይጨመራሉ። እያንዳንዱ በአይኤጂ ጥላ ሥር የራሱ አገልግሎት አለው። በአፍሪካ አራቱም አንድ ላይ ያሉት ደቡብ አፍሪካ ሃርትቤስቱክ ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነ ዶሪስ ጅቡቲ፣ አርታ ላይ አለ።

አሁን ወደ አፋር ልውሰዳችሁ፣ ካልወሰድኳችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። እ.ኤ.አ. መስከረም 2005 ዳባሁ አካባቢ በቀናት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ ውስጥ ቅልጥ ዐለት ገባና መሬቱ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፈተ። እዚያ የነበረ ችካል የት እንደደረሰ አስቡት። ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ብዙዎቹ የተጠቀሙት መሣሪያ ዩናቭኮ ከሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ኅብረት የተዋሱትን ነው። ተቀባይ ያውሳል፣ ሰው ያሠለጥናል፣ መረጃውን ያስቀምጣል። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ኢሪስ ከሚባለው የርዕደ መሬት ኅብረት ጋር ተዋህዶ ኧርዝስኮፕ ሆኗል፤ በድሮ ስሙ የምትፈልጉ ካላችሁ ለዚህ ነው የማታገኙት። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ አዋሽ ፈንታሌና ዶፈን ላይ ያን ሁሉ ጊዜ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በዚያ በኩል ነጥብ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ድጋሚ ሳትለኩ ሥራ አትጀምሩበት።

ቶታል_ስቴሽን_ብቻ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡10

መሬቱም ይሄዳል፣ ሳተላይቱም ይስታል፣ ናሳም ይዘጋል። ግብርና ልጀምር መሰለኝ።

ካርታ_አንባቢዋ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡20

ግብርናውም በጂፒኤስ ሆኗል፣ የት ታመልጣለህ።

ሁለተኛውን ጥያቄ ማንም አልነካውም፣ እኔ ልሞክር። ችካል፣ ለአለቃህ እንዲህ በለው። አይጂኤስ አባልነት የሚባል ካርድ አይሸጥልህም። ጣቢያ የሚያንቀሳቅስ፣ መረጃ የሚያስቀምጥ ወይም የሚያሰላ ተቋም ነው የሚገባበት። የገባ ሁሉ ሥራ ይዞ ይገባል። አይኤጂ የሳይንስ ቤት ነው፤ ግለሰብም ይቀበላል፣ ግን የምታገኘው ስለ ጂኦይድና ስለ ስበት የሚያወሩ ሰዎችን ነው። አይኦኤን እ.ኤ.አ. በ1945 የተመሠረተ የአሜሪካኖቹ የናቪጌሽን ተቋም ነው፤ ከፍለህ ትገባለህ፣ ጉባኤያቸው ላይ ስለ ተቀባይ አሠራር የሚቀርበው ጽሑፍ ግሩም ነው፣ ለመንገድ ሥራ ግን ሩቅ ነው።

ለቀያሽ ፊግ ነው። ዓለም አቀፉ የቀያሾች ፌዴሬሽን። በ1878 ፓሪስ ተመሠረተ፣ ጽሕፈት ቤቱ ኮፐንሃገን ነው። አይጂኤስ ደቦ ከሆነ ፊግ እድር ነው፦ ሕግ አለው፣ መዋጮ አለው፣ የስብሰባ ቀን አለው፣ ካልመጣህ ይታወቅብሃል። ሥራው በኮሚሽን የተከፈለ ነው፣ አምስተኛው የእኛ ነው፣ ቦታ አወሳሰንና ልኬት። ግን ልብ በል፦ ዋናው አባልነት ለግለሰብ አይደለም፣ ለየአገሩ የሙያ ማኅበር ነው። ስለዚህ መንገዱ በአገርህ ማኅበር በኩል ነው። ማኅበርህ መዋጮውን ካልከፈለ አንተ ኮፐንሃገን ብትደውል ዋጋ የለውም። (እኔ የነበርኩበት ማኅበር ስብሰባ የሚጠራው ለምርጫ ብቻ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ ሁላችንም አንድ አንድ አለን።) ከ35 ዓመት በታች ከሆንክ የወጣት ቀያሾች መረባቸውን እይ፣ እሱ በሩ ሰፋ ያለ ነው። በ2024 ዓመታዊ ሳምንታቸውን አክራ፣ ጋና ላይ ነበር ያደረጉት።

በነገራችን ላይ፣ «ኮርስ» ስለሚባሉት ቋሚ ጣቢያዎች ለአለቃዬ ነግሬው «ኮርስ ያስፈልገናል» ስለው የሥልጠና በጀት ጠየቀልኝ። ጣቢያ ሳይሆን ኤክሴል ተምሬ ተመለስኩ።

የጣና_ልጅ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡05

😂 ኤክሴሉም አይጠላም እህቴ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባሕር ዳር ሆኜ ከአዮኖስፌር (ከላይኛው አየር) ጋር ስለምታገል። ችካል፣ ቤዝህን መቼ ነው የቀዳኸው? ከምሽት ጋር ተያይዞ ከሆነ ሪፖርቱን ደግመህ እይ። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በአገራችን ላይ ነው የሚያልፈው። ፀሐይ ከገባች በኋላ ላይኛው አየር ውስጥ አረፋ የመሰለ ነገር ይፈጠራል፤ የሳተላይቱ ምልክት በዚያ ሲያልፍ እንደ ከዋክብት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ተቀባዩም ሳተላይቱን ይጥለዋል። በተለይ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ ከምሽቱ 2 እስከ 6 ሰዓት። ፀሐይዋ በ2024 ገደማ የዑደቷ ጫፍ ላይ ስለነበረች ሰሞኑን ብዙ ሰው «አርቲኬ (የቅጽበት ልኬቱ) አልቆልፍ አለኝ» ሲል የምሰማው በከንቱ አይደለም። ሮቨሩ አልተበላሸም፣ ጠዋት ሞክሩት።

ይህን ነገር ያጠና ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ዩኒቨርሲቲያችን ዋሸራ የሚባል የጂኦስፔስና ራዳር ላቦራቶሪ አለው፣ ከቅኔ ቤቱ ጋር ስመ ሞክሼ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ጂኦፊዚክስ ኅብረት በዚሁ በስፔስ አየር ጠባይ ላይ አዲስ አበባ ጉባኤ አድርጎ ነበር። ተማሪ ለሆናችሁ ግን ልብ የምትሉት ትሪየስት፣ ጣሊያን ያለውን የቲዎሪቲካል ፊዚክስ ማዕከል ነው፤ ለአፍሪካውያን የጂኤንኤስኤስ ዐውደ ጥናት ያዘጋጃል፣ ለተመረጠም ወጪ ይሸፍናል። በተባበሩት መንግሥታት በኩል ደግሞ በ2005 የተቋቋመው የጂኤንኤስኤስ ኮሚቴ አለ። አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ቻይናና አውሮፓ ሥርዓቶቻቸው እንዳይጣሉ የሚነጋገሩበት ነው። ጽሕፈት ቤቱን የሚይዘው ቪየና ያለው የስፔስ ጉዳዮች ቢሮ ነው።

ቶታል_ስቴሽን_ብቻ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡40

እሺ ይህችን ወሰድኩ። ባለፈው መስከረም ሦስት ምሽት ሙሉ ባትሪ ስቀይር ነበር።

ግን የመጀመሪያው ቅሬታዬ አልተመለሰም። ሁሉም የሰው ነው። ጣቢያው የሰው፣ ስሌቱ የሰው፣ ሶፍትዌሩ የሰው።

ላቲቱድ_9 · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሶፍትዌሩ እንኳ የአንተም ነው። አርቲኬሊብን አንድ ጃፓናዊ ተመራማሪ ጽፎ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጎታል፣ አውርደው።

ሌላውን በተመለከተ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 «የምድር የጋራ ማጣቀሻ ማዕቀፍ ያስፈልገናል» ብሎ ውሳኔ አሳልፏል፣ ቁጥሩ 69/266። ለዚህ የሚሠራ ማዕከልም ቦን ተከፍቷል። ወረቀት ነው ትለኝ ይሆናል። በአፍሪካ ግን አፍሬፍ የሚባለው የየአገሩን ዳተም ወደ አንድ የማምጣት ሐሳብ የቆየ ነው፣ ናይሮቢ ያለው የቀጠናው የካርታ ማዕከልም በ1975 የተቋቋመና ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት ነው። ችካል ሪፖርቱ ላይ ያየው የናይሮቢ ጣቢያ የዚያ ማዕከል ነው። ስለዚህ በሬዎቹ ሁሉ የፈረንጅ አይደሉም። የኛም ድርሻ አለበት፣ አዲስ የሚባለው ጣቢያ አንዱ ነው። ደቦ ላይ ግን አንድ በሬ ይዞ ለመጣና አሥር ይዞ ለመጣ ጠላው እኩል መቀዳቱ እኔንም ያሳፍረኛል።

ጡረተኛው_ቀያሽ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ደቦ ላይ የሚታፈረው ባዶ እጅ መምጣት ነው። አንድ በሬ ያለው ሰው አንዱን ይዞ ይመጣል።

ችካል፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከፍታውን ምን አደረግኸው? ሳተላይቱ የሚሰጥህ ከኤሊፕሶይዱ ነው፣ ውኃ ግን በጂኦይድ፣ የምድር ስበት በሚወስነው የባሕር ወለል ቅርጽ፣ ነው የሚፈሰው። የቱቦ ከፍታ ልታወርድ ስትል የትኛውን እንደያዝክ እይ።

ችካል_ተካይ · ኀሙስ፣ ከቀኑ 10፡45

ጋሼ፣ ሁለቱም ሪፖርቱ ላይ አሉ። አንዱን ብቻ ነበር ያየሁት፣ አመሰግናለሁ።

ለሁላችሁም፦ ዛሬ ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት በሌላ ነጥብ ላይ ደግሜ ቀዳሁ። የድሮዎቹን ነጥቦች በሙሉ ከአዲንዳን ቀየርኳቸው፤ መስመሩ ከቅጥሩ ወጥቶ ድሮም ሊሄድበት በሚገባው እርሻ ዳር አለፈ። ቄሰ ገበዙ ችካሎቹን መለሱልኝ፣ አንዱን ግን ለበግ ማሰሪያ አስቀርተዋል። ለአለቃዬም የፊግን ነገር ነገርኩት፣ «እድር ነው» ስለው ገባው። ፋይሉን አሁን እየላክሁ ነው።

ስምጥ_ሸለቆ · ኀሙስ፣ ከቀኑ 10፡52

ከመላክህ በፊት። የአንቴናውን ከፍታ ስንት ብለህ ሞላህ?

ችካል_ተካይ · ኀሙስ፣ ከቀኑ 10፡55

1.684። በሜትሮ የለካሁት ነው።

ስምጥ_ሸለቆ · ኀሙስ፣ ከቀኑ 10፡56

ቀጥታ ወደ አንቴናው ሥር ነው ወይስ በሰያፍ ወደ ጠርዙ? ቅጹ የሚጠይቀው ቀጥታውን ነው፣ እስከ ሥሩ። የአንቴናው ዓይነትም በትክክል ካልተሞላ የሴንቲሜትሮች ስሕተት ከፍታው ላይ ይቀራል።

ችካል_ተካይ · ኀሙስ፣ ከቀኑ 11፡20

በሰያፍ ነው።

ትሪፖዱን ገና አልነቀልነውም፣ ዘበኛው እየጠበቀው ነው። ተመልሼ ሄጃለሁ።